«ከቤትዎ አይውጡ» የተባለ ታካሚ ከቤቱ ሲወጣ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ተከራይን ስለ ማስለቀቅ ሕጉ ምን ይላል?

መግቢያ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት የኮቪድ-19 ሕሙማን ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ፣ ቀላል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ተቋም ከመተኛት ይልቅ በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ የሚፈቅድ አሠራር በሀገራችን ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በምዕራብ ጎንደር ዞን በሸሕዲ ከተማ ስሠራ አንዲት ሻይ ቡና በመሸጥ የምትተዳደር ወጣት ሴት ወደ ምርመራ ክፍል መጣች። ቫይረሱ እንዳለባት በምርመራ ታወቀ። ትኩሳቷ ቀላል፣ አተነፋፈሷም ደኅና ስለ ነበረ፣ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ለ14 ቀን ተለይታ እንድትቆይ አዘዝኩ። የአደጋ ምልክቶችን ነግሬ፣ ስልኳን መዝግቤ አሰናበትኋት። በካርዷም ላይ «ከቤት እንዳትወጣ ተመክራለች» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ስንደውልላት ያገኘናት በእኅቷ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት የሆኑት አረጋዊት ወሬውን እንደ ሰሙ፣ «ልጄ፣ እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ውኃውም ሽንት ቤቱም የጋራ ነው፤ እስኪሻልሽ ሌላ ማደሪያ ፈልጊ» ብለው ዕቃዋን ከደጅ አስቀምጠውባታል። በእኅቷ ቤት እናታቸውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች በሁለት ክፍል ይኖሩ ነበር። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ እናቲቱ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። ወደ ጎንደር ተላኩ፤ በሕይወት ግን አልተመለሱም። በሽታው የተላለፈባቸው ከልጃቸው ይሁን ከሌላ ሰው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሆኖም ልጃቸው በተከራየችው ክፍል ቆይታ ቢሆን ኖሮ አንድ ትልቅ የመተላለፊያ በር ተዘግቶ ይቀር እንደ ነበር አያጠራጥርም።

ይህን ታሪክ የማነሣው አከራይቱን ለመውቀስ አይደለም። የፈሩት ነገር እውነተኛ ነበር፤ የጋራ ሽንት ቤትና የጋራ ውኃ ባለበት ግቢ ታካሚ ስናቆይ ለግቢው ሰዎች ምክር መስጠት የነበረብን እኛ ነበርን። ታሪኩን የማነሣው በዚያ ቀን ያላወቅሁትን አንድ ነገር ለመግለጽ ነው። በዚያ ቀን ተከራይን ከመኖሪያ ቤቱ ማስወጣት በመላ ሀገሪቱ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው ከወጣ አራት ወር ገደማ ሆኖታል። ታካሚዋ አላወቀችም፤ አከራይቱም አላወቁም፤ «ከቤት አትውጪ» ብዬ ያዘዝኩት ሐኪምም አላወቅሁም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መኖሪያ ቤት በተላላፊ በሽታ መከላከል ውስጥ ያለውን ስፍራ ማስረዳት፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው ክልከላ ምን ይል እንደ ነበረና ለምን እንደ ተቋረጠ መግለጽ፣ ፍርድ ቤቶች በዚህ ረገድ ያላቸውን ድርሻ ከሌሎች ሀገሮች ልምድ ጋር ማነጻጸር፣ በመጨረሻም በቆላማው የጠረፍ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሊያደርግ የሚችለውን መጠቆም ነው። ጸሐፊው የሕግ ባለሙያ ባለመሆኑ ጽሑፉ ለሕግ ምክር ምትክ አይሆንም።

ቤት እንደ መከላከያ መሣሪያ

ክትባት ወይም መድኃኒት ያልተገኘለት ተላላፊ በሽታ ሲነሣ በእጃችን የሚቀረው ጥንታዊው መሣሪያ ሰውን ከሰው መለየት ነው። ጤነኛ ሰው በቤቱ ይቆያል፤ ንክኪ የነበረው ሰው በቤቱ ይጠበቃል፤ ቀላል ሕመም ያለበት በቤቱ ይታከማል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ሰውየው ነገም በዚያው ቤት እንደሚያድር በሚታሰብ ግምት ላይ ነው። ግምቱ ከፈረሰ ትእዛዙም ይፈርሳል።

ተከራይ በወረርሽኝ ጊዜ ከቤቱ ሲወጣ በሽታው በአራት መንገድ ይጠቀማል። አንደኛ፣ የተባረረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ዘመድ ወይም ወደ ወዳጅ ቤት ስለሆነ፣ በአንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ቁጥር ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በመዝገባችን ላይ የሰፈረው አድራሻ ዋጋ ስለሚያጣ የንክኪ ክትትል ይቋረጣል። ሦስተኛ፣ ሰው የኪራይ ገንዘብ ለማግኘት ታሞም ቢሆን ወደ ሥራ ይወጣል። አራተኛውና ምናልባትም ከባዱ፣ ሌሎች ተከራዮች የጎረቤታቸውን ዕጣ አይተው ምልክታቸውን መደበቅ ይጀምራሉ። ሳልን መናገር ቤትን የሚያሳጣ ከሆነ የሚናገር አይኖርም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የየክፍለ ግዛቱን ማስለቀቅ የማገድ እርምጃዎች የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናት አለ። በጥናቱ ዘመን 27 ክፍለ ግዛቶች እገዳውን ያነሡ ሲሆን፣ እገዳው ከተነሣ በኋላ በእነዚህ ክፍለ ግዛቶች በድምሩ 433,700 ያህል ተጨማሪ ሕሙማንና 10,700 ያህል ተጨማሪ ሞት ከእገዳው መነሣት ጋር ተያይዞ መታየቱን ገምተዋል። እንዲህ ዓይነት ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፤ እገዳውን ያነሡ ክፍለ ግዛቶች ሌሎች ጥንቃቄዎችንም አላልተው ሊሆን ስለሚችል ተመራማሪዎቹ ያንን በስሌታቸው ለማካተት ሞክረዋል። ቢሆንም አቅጣጫው ከላይ ከተዘረዘሩት መንገዶች ጋር ይስማማል።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ አምስተኛ መንገድ ይጨመራል። በዚህ አካባቢ ማደሪያ ያጣ ሰው ደጅ ያድራል። በሱዳን ጠረፍ በሚገኙት የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ቆላዎች ወባና ካላ አዛር ነባር በሽታዎች ናቸው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ትራባለች፤ ከቤት ውጭ፣ በተለይም በግራር ሥር ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ በአንድ ተላላፊ በሽታ ሰበብ የተባረረ ሰው በሌላ በሽታ ተይዞ ሊመለስ ይችላል።

ሐሳቡ በወረርሽኝ ብቻ የሚወሰን እንዳልሆነም የዕለት ሥራችን ያስተምረናል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ቢያንስ ስድስት ወር መድኃኒት መውሰድ አለበት። በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንት «እያሳልክ ልጆቼን ታስይዝብኛለህ» ተብሎ የተባረረ የቀን ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ፣ የጠፋው የአንድ ሰው አድራሻ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው ቀጣይነት ነው። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የሕክምና መቋረጥ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው ክልከላ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚታወጅባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ከውጭ ወረራና ከሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት አደጋ ጋር የተፈጥሮ አደጋንና የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታን ይጨምራል። የፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ማወጅ ይችላል፤ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲሆን ደግሞ የክልል መስተዳድሮችም በክልላቸው ማወጅ ይችላሉ። ትግራይ ክልል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በዚህ ሥልጣን መጠቀሙ ይታወሳል።

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ቀን አዋጅ ቁጥር 3/2012 ብሎ አጸደቀው። የአዋጁ ዘመን አምስት ወር ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም በዚያው ሰሞን የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 466/2012 ክልከላዎቹን በዝርዝር አስቀመጠ። ብዙዎቻችን ስለ ስብሰባ፣ ስለ እጅ መጨባበጥ፣ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ስለ ትራንስፖርት የወጡትን ክልከላዎች እናስታውሳለን። በዚያው ዝርዝር ውስጥ አከራይ የመኖሪያ ቤት ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር የሚከለክል ድንጋጌ ነበረ። አዋጁን ወይም በእርሱ መሠረት የወጡ ክልከላዎችን የጣሰ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እሥራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል ተብሎ ተደነገገ።

ከሕክምና አንጻር ስናየው ይህ ድንጋጌ ከአፍና አፍንጫ መሸፈኛው ጋር በአንድ ዝርዝር መቀመጡ ትክክል ነበር። ሕግ አውጪው «ቤት ቆዩ» ያለውን ሕዝብ ቤቱን እንዳያጣ መጠበቅ እንዳለበት ተገንዝቧል ማለት ነው። ነገር ግን ድንጋጌው አራት ድክመቶች ነበሩት።

የመጀመሪያው ስለ ተከለከለው ነገር እንጂ ስለ ዕዳው አለመናገሩ ነው። ክልከላው ተከራዩ ከቤቱ እንዳይወጣ ጠበቀ፤ ኪራዩን ግን አልሰረዘም፤ ለአከራዩም ካሳ አልሰጠም። በዚያን ጊዜ በፈቃዳቸው የወር ኪራይ የተዉ ወይም የቀነሱ በርካታ አከራዮች እንደ ነበሩ በመገናኛ ብዙኃን ሰምተናል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በአንዲት ክፍል ኪራይ የምትተዳደር አረጋዊት ሸክሙን ብቻዋን እንድትሸከም መጠበቅ ለዘለቄታው አይሆንም።

ሁለተኛው የመንገዱ ወንጀላዊነት ነው። የተባረረች ተከራይ በዚያው ሌሊት የምትፈልገው አከራይዋ እንድትቀጣላት ሳይሆን ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ነው። የእሥራትና የመቀጮ ድንጋጌ ያስፈራል፤ በሩን ግን አይከፍትም።

ሦስተኛው ሕጉ ለሚመለከታቸው ሰዎች አለመድረሱ ነው። የእጅ መታጠብ መልእክት በየጤና ኬላው ተለጥፎ ነበር፤ የማስለቀቅ ክልከላው ግን ቢያንስ እኔ በምሠራበት አካባቢ በጤና ትምህርታችን ውስጥ አልገባም።

አራተኛው ዕድሜው ነው። አዋጁ 2012 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ጊዜው አበቃ፤ ከአዋጁ ጋር የማስለቀቅ ክልከላውም አበቃ። በሽታው ግን አላበቃም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የኮቪድ-19 መከላከያ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ዋና ትኩረቱ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ መራራቅና የተቋማት ጥንቃቄ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ ሁኔታ ማብቃቱን የገለጸው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ክልከላው ከኖረበት አምስት ወር በኋላ ወረርሽኙ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆየ ማለት ነው።

መደበኛው ሕግና የፍርድ ቤት ድርሻ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሌለበት ዘመን የቤት ኪራይን የሚገዛው መሠረታዊ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ለቤት ኪራይ ልዩ ድንጋጌዎች አሉት፤ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይን በማስጠንቀቂያ ውል አፍርሶ ማስለቀቅ እንደሚቻልም ይፈቅዳል። የሐኪሙን ትኩረት የሚሻው ነገር ግን ሥርዓቱ ነው። ተከራዩ አልወጣም ካለ አከራዩ ማድረግ ያለበት ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በአማራ ክልል ጉዳዩ በመጀመሪያ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ይግባኙ ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ከተሰጠም በኋላ የሚፈጸመው በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ነው። ዕቃ አውጥቶ ደጅ ማስቀመጥ፣ ቁልፍ መለወጥ፣ ውኃና መብራት ማቋረጥ የሕግ መንገዶች አይደሉም።

ይህ ሥርዓት ራሱ ለሕዝብ ጤና ጥቅም አለው። የፍርድ ሂደት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ደግሞ ተላላፊ በሽታ ላለበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለኮቪድ-19 ታካሚ ሁለት ሳምንት፣ መድኃኒቱ ለሚሠራለት የነቀርሳ ታካሚም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት በሽታውን ለሌላ የማስተላለፍ ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሱታል።

በቅርቡ የወጣ ሌላም ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ተከራይን በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ ማስለቀቅም ገድቧል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ዓላማውም የዘወትሩን የኪራይ ግንኙነት ማስተካከል ነው። ለወረርሽኝ ጊዜ ታስቦ የወጣ ባይሆንም፣ የጽሑፍ ውልን በማስለመድ የተከራይን ማስረጃ ያጠናክራል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ የትምህርት፣ የጤና አገልግሎት፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና እንዲኖራቸው ይደረጋል ይላል። ጤናና መኖሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀመጣቸው ለእኛ ለሐኪሞች ትርጉም ሊኖረው ይገባል።

የሌሎች ሀገሮች ፍርድ ቤቶች

በዚህ ጉዳይ ሁለት ሀገሮች የተለያየ ትምህርት ይሰጡናል። አንደኛዋ አሜሪካ ናት። የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከሴፕቴምበር 4 ቀን 2020 ጀምሮ ኪራይ መክፈል ያልቻሉና የቃል ማረጋገጫ የፈረሙ ተከራዮች እንዳይለቀቁ አዘዘ። ማዕከሉ ሥልጣኑን የወሰደው በ1944 ከወጣ የሕዝብ ጤና ሕግ ነበር። አከራዮች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦገስት 26 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ፣ አሮጌው ሕግ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ ሥልጣን እንደማይሰጥ፣ እገዳው እንዲቀጥል ከተፈለገም ምክር ቤቱ በግልጽ ሊፈቅድ እንደሚገባ አመለከተ። እገዳው በዚያው ቆመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የጤና ዓላማ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ በግልጽ የተጻፈ የሕግ መሠረት ያስፈልጋል።

ሁለተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። የዚያች ሀገር ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታዎችን ሁሉ መርምሮ ካላዘዘ በቀር ከመኖሪያው እንዳይለቀቅ ይደነግጋል። በማርች 2020 እንቅስቃሴ በጥብቅ ሲገደብ ማስለቀቅ በሙሉ ታገደ። ገደቡ እየላላ ሲሄድ ግን ሌላ መንገድ ተመረጠ። ፍርድ ቤቶች የአከራዩን አቤቱታ ሰምተው የማስለቀቅ ትእዛዝ መስጠት ቢችሉም፣ አፈጻጸሙን ለጊዜው ማቆየት እንዲችሉ ተደረገ። ዳኛው የሚመዝነው የሕዝብ ጤና ሁኔታን፣ ተከራዩ ሌላ ማደሪያ ያለው መሆኑንና አከራዩ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነበር። በዚህ መንገድ የአከራዩ መብት አልጠፋም፤ የተከራዩም ደኅንነት አልተጣለም። ሁለቱን ያስታረቀው ጊዜ ነው።

የሸሕዲ ልዩ ሁኔታ

ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ በጎንደርና በመተማ ዮሐንስ መካከል የምትገኝ የዞን ከተማ ናት። በሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ በርካታ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያድሩት በእርሻ ላይ ባሉ ዳሶች፣ ወይም በከተማ ለሌሊቱ በሚከፈልበት የጋራ ማደሪያ ነው። የወር ተከራዩም ቢሆን ውሉ የቃል ነው። በኪራይና በማደሪያ መካከል ያለው ድንበር በደበዘዘበት በዚህ ስፍራ፣ «ተከራይ» የሚለው የሕግ ቃል ከሁሉ ይበልጥ ጥበቃ የሚያስፈልገውን ሰው ላይሸፍን ይችላል።

ጠረፍ መሆኗም ይታሰብ። በ2012 ዓ.ም. ከሱዳን በመተማ በኩል ለሚመለሱ ወገኖቻችን ለይቶ ማቆያ ተዘጋጅቶ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚያው በር ገቡ። በዚያ ዓመት መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በምዕራብ ጎንደር በኩመር የስደተኞች መጠለያ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከሠተ። ያን ጊዜ በ2012 እንደ ነበረው ያለ ለወረርሽኝ የታወጀ የማስለቀቅ ክልከላ በሥራ ላይ አልነበረም። ሕጉ ከአንድ በሽታና ከአንድ አዋጅ ጋር ታስሮ ስለ ነበር፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ከዜሮ ጀመርን። የጠረፍ ቆላ ግን ቀጣይ ወረርሽኝ የማያጣው ስፍራ ነው።

ሐኪሙ ምን ማድረግ ይችላል?

ሕግ ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም። ይሁንና የሚከተሉትን ነገሮች ዛሬውኑ ማድረግ እንችላለን።

1. ታካሚን ለይተን ከማሰናበታችን በፊት ስለ ቤቱ እንጠይቅ። «ቤቱ የራስዎ ነው ወይስ ኪራይ? ስንት ሰው አብሮ ያድራል? ሽንት ቤትና ውኃ ከማን ጋር ይጋራሉ? ባለቤቱ ቢሰሙ ምን ይሉ ይመስልዎታል?» እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። የመጨረሻውን ጥያቄ ለዚያች ሴት ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ መልሱን አስቀድማ ትነግረኝ ነበር።

2. የታካሚን ምሥጢር እንጠብቅ። ለአከራይ የበሽታውን ስም መንገር የሚቻለው ታካሚው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ታካሚው ከፈቀደ ግን አከራዩን ማነጋገር ከማስፈራራት ይልቅ ይጠቅማል። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍና እንደማይተላለፍ፣ ለምን ያህል ቀን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ፣ ሽንት ቤቱ በምን እንደሚጸዳ የሰማ አከራይ ፍርሃቱ ልክ ያገኛል። ካላ አዛር ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በመነካካት እንደማይተላለፍ በመንገር ብቻ አንድን ታካሚ ከደጅ ማዳን ይቻላል።

3. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እናሳትፍ። በግቢው የታወቁ ሰዎች ስለሆኑ በአከራይና በተከራይ መካከል የሚገባ ቃላቸው ከእኛ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። የሀገር ሽማግሌዎችም እንዲሁ።

4. የሕክምና ማስረጃ ስንጽፍ ዳኛ ሊጠቀምበት በሚችል መንገድ እንጻፍ። «ታሟል» ከማለት ይልቅ ታካሚው ከመቼ እስከ መቼ ከስፍራው መንቀሳቀስ እንደሌለበትና ቢንቀሳቀስ ለራሱና ለሌሎች የሚያስከትለውን አደጋ በግልጽ ማስፈር ያስፈልጋል። የፍርድ አፈጻጸም እንዲቆይለት የሚጠይቅ ታካሚ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም። የበሽታው ስም በማስረጃው ላይ መጠቀስ ያለበትም ታካሚው ሲስማማ ነው።

5. የተባረረ ታካሚን ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ሴት ከሆነች ወደ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንምራ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍም እንጠቁም። ስልኮቻቸውን በምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከባድ ሥራ አይደለም።

6. በዞንና በወረዳ የወረርሽኝ ዝግጅት ዕቅድ ውስጥ «ማደሪያ» የሚል መሥመር እንዲገባ እንጠይቅ። ቤቱ ለመለየት የማይመች፣ ወይም የተባረረ ታካሚ የሚያርፍበት ጥቂት አልጋ ያለው ስፍራ ከመድኃኒት ጋር እኩል ሊታሰብ ይገባል። የቀን ሠራተኞችን በሚመለከት የእርሻ ባለቤቶችም በዕቅዱ ውስጥ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል፤ የታመመ ሠራተኛን ከዳስ አስወጥቶ ወደ መኪና መጫን ወረርሽኙን ወደ ደጋው መላክ ነው።

ከዚህ ባሻገር የሙያ ማኅበራችን ድምፁን ሊያሰማበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በወረርሽኝ ጊዜ ከመኖሪያ የመጠበቅ ደንብ በየጊዜው ከሚታወጅና ከሚያልፍ አዋጅ ጋር ባይታሰር፣ በቋሚ ሕግ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። የጤና ባለሥልጣን በአንድ አካባቢ ወረርሽኝ መኖሩን በይፋ ሲገልጽ፣ የዚያ አካባቢ ፍርድ ቤት የማስለቀቅ ትእዛዝን አፈጻጸም ለተወሰነ ጊዜ ለማቆየት ግልጽ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ጊዜው የሚለካውም በበሽታው የመተላለፊያ ዘመን ነው። በተቆየው ጊዜ የተጠራቀመው ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይቀጥል፤ ድኻ አከራይም የሚደገፍበት መንገድ ይፈለግ። እንዲህ ያለ ሕግ የአሜሪካንን የሥልጣን ክርክር ያስቀራል፤ የደቡብ አፍሪካንም ሚዛን ይይዛል።

ማጠቃለያ

በወረርሽኝ ጊዜ ተከራይን ከቤት ማስወጣት የሁለት ሰዎች የውል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በመንደሩ ሁሉ ላይ መዘዝ አለው። ሀገራችን ይህን በ2012 ዓ.ም. በሕግ ተገንዝባ ነበር። ድንጋጌው ግን ዕድሜው አጠረ፤ በዕድሜውም ዘመን ለሚመለከታቸው ሰዎች አልደረሰም። ከማይታወቅ ሕግና ከማይታዘዝ መድኃኒት ማንም አይድንም።

ያቺ ታካሚ ከበሽታው ድናለች። ከወራት በኋላ በገበያ ስፍራ አግኝቻት ቡና አፈላችልኝ። ስለ እናቷ ካወራን በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ዶክተር፣ ያን ጊዜ መሄጃ ቢኖረኝ ኖሮ እማዬ ቤት አልገባም ነበር» አለችኝ። መሄጃ ፍለጋ ባላስፈለጋትም ነበር፤ የራሷ ክፍል ነበራት፤ ሕግም ነበረላት። ያልነበረው ነገር ቢኖር ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። ያ ሰው በዚያች ቀን እኔ መሆን ነበረብኝ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ባልደረባዬ ነገ «ከቤት አይውጡ» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ የታካሚው ቤት ነገም ቤቱ ሆኖ ይቆይ እንደሆነ ቢጠይቅ ጽሑፉ ዓላማውን መታ ማለት ነው።